ዲግሪው ተይዟል፤ እጁስ? ስለ ባዮሎጂ ተመራቂዎቻችንና ስለ ላቦራቶሪው በር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የምረቃው ሰሞን አልፎ የጋዎኑ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወደ እኛ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ግን ልምድ ይላል። ሥራ ሳልጀምር ልምዱን ከየት ላምጣ?» የሚል ነው። ጠያቂው አንዳንዴ የደሴ ልጅ ነው፣ አንዳንዴ የጅማ፣ አንዳንዴ የወራቤ። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በየቤቱ የሚሰጡ ሁለት ምክሮች አሉ። አንዱ «ማስተርስ ጨምር» ይላል። ሌላው «ሰው ፈልግ» ይላል። ማስተርስ ጊዜው ሲደርስ ጥሩ ነው። እጁ ላቦራቶሪ ያልነካ ልጅ ግን ማስተርሱን ይዞ ሲወጣ ያው ማስታወቂያ፣ ያው «ልምድ» የሚል ቃል ይጠብቀዋል። ሰው የተፈለገለት ደግሞ ቢገባ እንኳ መሥራት ካልቻለ አይቆይም።

የኛ አቋም ይህ ነው፦ የባዮሎጂ ተመራቂን ላቦራቶሪ የሚያስገባውም የሚያቆየውም የሠለጠነ እጅና የሚታመን መዝገብ ነው። ሁለቱም የሚገኙት ላቦራቶሪ ውስጥ በመቆም ብቻ ነው። ስለዚህ «ማን ይቀጥረዋል?» ከማለታችን በፊት «ማን ለሦስት ወር ያስቆመዋል?» ብለን እንጠይቅ። ለዚህኛው ጥያቄ ማህበረሰባችን ራሱ መልስ መስጠት ይችላል ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን እንዘርዝር።

በመጀመሪያ፣ የትኛው ላቦራቶሪ?

ብዙ ቤተሰብ «ልጄ ባዮሎጂ ተምሯል» ሲል በሐሳቡ የሚመጣው ደም የሚቀዳበት፣ ሰገራና ሽንት የሚመረመርበት የሆስፒታል ክፍል ነው። ይህ መስተካከል አለበት። በአገራችን በጤና ተቋም ውስጥ የታካሚን ናሙና መርምሮ ውጤት የሚሰጠው በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የተመረቀና የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። የባዮሎጂ ዲግሪ፣ ነጥቡ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያንን ፈቃድ አያሰጥም። ይህን ሳያውቁ የጤና ጣቢያና የክሊኒክ በር ሲያንኳኩ ጊዜያቸውን የጨረሱ ልጆች አሉ። ጉዳዩ የሕግ ነው፤ በትውውቅ አይታለፍም። መታለፍም የለበትም፣ የሰው ሕይወት አለበትና። ወደዚያ መሄድ የፈለገ ልጅ ትምህርቱን ከዚያው ሙያ ይጀምር፤ ይህን እውነት ዛሬ መስማት ከሁለት ዓመት በኋላ ከመስማት ይሻላል።

ነገር ግን ላቦራቶሪ ማለት ሆስፒታል ብቻ አይደለም። ባዮሎጂ የተማረ ሰው የሚቆምባቸው ሌሎች ብዙ ላቦራቶሪዎች አሉ።

የምርምር ቤቶችን እንይ። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ ስሙን የወሰደው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ጉለሌ ላይ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ሆለታ ላይ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር፣ አምቦ ላይ የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ይሠራል። ሰበታ ላይ የእንስሳት በሽታ ይመረመራል፤ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት ይመረታል።

ከምርምር ቤቶቹ ይልቅ የምናስታውሳቸው ጥቂት የሆኑት ደግሞ የፋብሪካ ላቦራቶሪዎች ናቸው። የታሸገ ውሃ የሚያመርት ድርጅት ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ አለመገኘቱን ማረጋገጥ አለበት። የወተት ማቀነባበሪያ የሚረከበውን ወተት ውሃ የተጨመረበት መሆን አለመሆኑን ይለካል፣ የባክቴሪያ ብዛቱን ይቆጥራል። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት ወደ ውጭ የሚልኩ ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋቸውን ወደ ሳዑዲና ወደ ኤምሬትስ ይልካሉ፤ እዚያ ደግሞ የሐላል ማረጋገጫ ብቻውን አይበቃም፣ የንጽሕናው ምርመራም ይጠየቃል። ሰሊጥ ላኪው የሳልሞኔላ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ ነጋዴው ደግሞ ሻጋታ የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉዳይ አለበት። መድኃኒት፣ ዱቄት፣ ብስኩት፣ ጭማቂ፣ የምግብ ዘይት፤ ሁሉም ጥራቱን የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል።

ቢራ ፋብሪካዎችም የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ብዙ ልጆቻችን ግን ለዲናቸው ሲሉ ያንን በር ይተዋሉ። ልጁ ያንን በር ከተወ ሌላውን በር የማሳየትና የመክፈት ኃላፊነት የማን ነው? «አላህ ሪዝቅህን ይስጥህ» ብለን ብቻ ብንሸኘው ሰበቡን አላደረስንም።

ሙያው ከቤት ቤት ይሻገራል

«የውሃ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የምፈልገው የጄኔቲክስ ምርምር ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህን ወንድሞችና እህቶች የኮሮናን ጊዜ እናስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ከአገራችን የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ምርመራው አገር ውስጥ ተጀመረ። ፍላጎቱ ሲጨምር ሥራውን ከተቀላቀሉት መካከል የዩኒቨርሲቲና የምርምር ላቦራቶሪዎች፣ የሰበታው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ይገኙበታል። ለምን ቻሉ? ምክንያቱም የፒሲአር መሣሪያው የላም ቫይረስ ይሁን የሰው ቫይረስ አይለይም። ናሙናን ሳይበክል የሚይዝ፣ ማይክሮሊትር በትክክል የሚለካ፣ የጻፈውን የሚያውቅ እጅ የትም ይሠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ የሕልማችሁ ላቦራቶሪ ካልሆነ አትናቁት። ውሃ ሲመረምር ንጹሕ አሠራር የለመደ ልጅ ነገ የቲሹ ካልቸር ክፍል ቢገባ ግማሹን ሥራ ይዞ ነው የሚገባው።

እጅ ሲባል ምን ማለት ነው?

የክፍል ትምህርትንና የላቦራቶሪ ልምድን የሚለየውን በምሳሌ እናሳይ።

አውቶክሌቭን እንውሰድ። መጽሐፉ «121 ዲግሪ፣ 15 ፒኤስአይ፣ 15 ደቂቃ» ይላል፤ ተማሪውም ይህን ሸምድዶ ይፈተናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላችን በድስት ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ የአውቶክሌቩ ጌጅ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 117 አካባቢ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እዚህ አገር የሠራ ሰው ከግፊቱ ይልቅ የሙቀት መለኪያውን ያያል፤ ደቂቃውንም መቁጠር የሚጀምረው 121 ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ ሚዲያው በሁለተኛው ቀን ይሻግትበታል፤ ለምን እንደሆነም አይገባውም።

ሌላ እንጨምር። «5 በመቶ በረኪና አለህ፤ 0.5 በመቶ የሆነ 1 ሊትር አዘጋጅ» ቢባል መልሱ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ከ900 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ነው። ቀላል ነው። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲሰጠው የሚደናገጥ ተመራቂ ጥቂት አይደለም። ወተትን ለባክቴሪያ ቆጠራ ሲያቀጥኑ 1 ሚሊ ሊትሩን 9 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይጨምራሉ፤ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ እንደገና። ሦስት ጊዜ ከቀጠነው ላይ 1 ሚሊ ሊትር ወስዶ ፔትሪ ዲሽ ላይ 150 ኮሎኒ የቆጠረ ሰው በአንዱ ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ 150,000 እንዳለ መናገር መቻል አለበት።

የማይክሮፒፔትን አያያዝ ደግሞ ማንም ራሱን ሊፈትንበት ይችላል። 1,000 ማይክሮሊትር የተጣራ ውሃ 1 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ጥሩ ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ ጨምሮ አሥር ጊዜ መመዘን ነው። ቁጥሩ አንዴ 0.95፣ አንዴ 1.04 የሚል ከሆነ፣ ፒፔቱ ደህና ሆኖ ሳለ፣ እጁ ገና ነው ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ልምምድ ይስተካከላል። ሆኖም ያ ሳምንት የሚገኘው ሚዛንና ፒፔት ባለበት ቦታ ነው።

የመጨረሻው መዝገብ ነው። የላቦራቶሪ መዝገብ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ በእርሳስ አይጻፍም። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የበፊቱ መታየት አለበት፤ አጠገቡ ፊርማና ቀን ይቀመጣል። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የማየትና የመጻፍ ልማድ ደግሞ ከመሣሪያ ብዛት በላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ብዙ ሰው አይቶ ያለፈውን እሱ ቆሞ ጠየቀ። ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አሳየ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የያዘ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ።

ስለ ሐሰተኛው የሥራ ልምድ

መራራ ቢሆንም የግድ እንናገረው። «ልምድ» የሚለውን ቃል ለማለፍ ሲሉ ከማያውቁት ድርጅት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚያጽፉ አሉ። የሚያጽፉላቸውም አንዳንዴ የገዛ ዘመዶቻቸው ናቸው፤ እንደ ውለታ ይቆጥሩታል።

ይህ ውለታ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ደብዳቤው ከመጀመሪያው ቀን አያልፍም። «ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» ያለ ልጅ አውቶክሌቩን ሲከፍት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት በጤና ሙያ ለመሥራት የሚያመለክት ሰው ማስረጃው ዳታፍሎው በሚባለው ማጣሪያ በኩል ከምንጩ ይጣራል። የሐሰት ወረቀት እዚያ ከተያዘ የሚበላሸው የዚያ ጊዜ ማመልከቻ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ላቦራቶሪ የአማና ቦታ መሆኑ ነው። ውሃውን ሳይመረምር «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚሞላ ሰው ያን ውሃ ማን እንደሚጠጣው አያውቅም። ምናልባት የጎረቤቱ ሕፃን ነው። በሐሰት ወረቀት የገባ ሰው ቁጥር ሲጎድለው ቁጥር ከመፍጠር ምን ያግደዋል?

ስለዚህ ለልጆቻችን እንንገራቸው፦ «ሦስት ወር በነፃ ቆሜ እነዚህን አምስት ሥራዎች ተለማምጃለሁ» የሚል እውነተኛ ደብዳቤ «ሁለት ዓመት» ከሚል ውሸት ይበልጣል። በረካውም እዚያ ነው።

ለእህቶቻችን አንድ ቃል

ላቦራቶሪ ለሴት ልጅ የሚመች ሙያ ነው። ጡንቻ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆኖም «ሒጃብ ለእሳትና ለኬሚካል አደጋ ነው» በሚል ሰበብ ከበር የተመለሱ እህቶች ቅሬታ ይደርሰናል። የደኅንነቱ ጉዳይ እውነትነት አለው፤ መልስም አለው። አደገኛው የተንጠለጠለ ጨርቅ ነው፤ ሻርፕም ይሁን ሰፊ እጅጌ፣ ያልታሰረ ፀጉርም ቢሆን። አጠር ያለ፣ ከቀላጭ ናይለን ይልቅ የጥጥ ጨርቅ የሆነ፣ ጫፉ ከጋዎኑ ሥር የገባ ሒጃብ ከእሳቱ ይርቃል። ጋዎኑም ቁልፉ እስከ አንገት የሚዘጋ፣ እጅጌው አንጓ ላይ የሚሰበሰብ ይሁን። እህቶች ይህን አስተካክላችሁ ግቡ፤ ኃላፊዎችም ልብሱን ሳይሆን የደኅንነቱን ደንብ መለኪያ አድርጉ። አራት ዓመት ተምራ የቤት ሠራተኛ ሆና ወደ ዓረብ አገር ከምትሄድ እህት ፊት ይህን ትንሽ ነገር አስተካክሎ በር መክፈት ምን ያህል ቀላል ነው!

ምን እናድርግ?

1ኛ. ተማሪዎች ሆይ፣ ምረቃን አትጠብቁ። የመመረቂያ ጥናታችሁን ስትመርጡ መጠይቅ በትኖ ከመሰብሰብ ይልቅ በእጅ የሚሠራውን ምረጡ፦ የአካባቢያችሁን የምንጭ ውሃ፣ የገበያውን ወተት፣ የበርበሬውን ሻጋታ። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ኬሚካል ከጎደለውም ቴክኒሻኑን ቀርባችሁ አግዙት፤ ሚዲያ ሲያፈላ፣ ዕቃ ሲያመክን አብራችሁት ቁሙ። ክረምቱን ለልምምድ ተጠቀሙበት። ሲቪያችሁ ላይ የኮርስ ስም ከመደርደር ይልቅ «በእጄ የሠራሁት» ብላችሁ ጻፉ፤ ስንት ጊዜ እንደሠራችሁትም ጨምሩ።

2ኛ. ወላጆች ሆይ፣ ለምረቃው ድግስ በግ የሚታረደውን ያህል ባይሆንም ለሦስት ወር የታክሲና የምሳ ወጪ መድቡ። ልጁ ሳይከፈለው ፋብሪካ ሲመላለስ «ይኼ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብላችሁ አታሸማቅቁት። የሚገነባው ያኔ ነው።

3ኛ. የፋብሪካ ባለቤቶች ሆይ፣ ዋናው ጥሪያችን ለእናንተ ነው። ከማህበረሰባችን ውሃ የሚያሽጉ፣ ዘይት የሚያመርቱ፣ ዱቄት የሚፈጩ፣ ሥጋና ሰሊጥ የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። ቅጠሩ አላልናችሁም። በአንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ለሦስት ወር አስቁሙ። «ሚስጥራችን ይወጣል፣ ዕቃ ይሰበራል» የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን። ለመጀመሪያው የሚስጥር ጥበቃ ስምምነት ማስፈረም ይቻላል። ለሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ወር ከባለሙያ ጎን ብቻ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ትርፉም የእናንተ ነው፦ ነገ ሰው ስትፈልጉ እጁን ያያችሁትን ሰው ትቀጥራላችሁ።

እዚህ ላይ «ይህ የነፃ ጉልበት ብዝበዛ አይሆንም ወይ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ገደብ ይኑረው። ጊዜው ከሦስት ወር አይለፍ። ምሳና ትራንስፖርት ይሸፈን። ልጁ ዕቃ በማጠብ ብቻ እንዳይከርም የሚማራቸው ሥራዎች በመጀመሪያው ቀን ተጽፈው ይሰጡት። ሲጨርስም ደብዳቤው «ጥሩ ጠባይ ነበረው» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ፤ የትኛውን ምርመራ ብቻውን መሥራት እንደቻለ ይዘርዝር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ልጅ «ልምድ አለህ?» ሲባል አንገቱን አይደፋም።

4ኛ. በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በምርምር ተቋምም በፋብሪካም ያላችሁ፣ በዓመት የአንድ ልጅን እጅ ያዙ። ሲቪውን አንብቡለት፣ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ጠይቁት፣ የበረኪናዋን ሒሳብ አሠሩት። ሁለት ቅዳሜ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ለሁሉም ተመራቂ ሥራ ይገኛል አንልም። የአገሪቱን የሥራ ዕጥረት በአንድ ማህበረሰብ በጎ ፈቃድ መፍታት አይቻልም። ግን ሃያ ፋብሪካ በሦስት ወር ሁለት ሁለት ልጅ ቢያስቆም በዓመት 160 እውነተኛ ልምድ ያለው ልጅ ይወጣል። ያኔ ማስታወቂያው ላይ «ልምድ» የሚለው ቃል ቢያንስ ለነዚያ ልጆች ግድግዳ መሆኑ ይቀራል።

ላቦራቶሪ ያላችሁና ሁለት ልጅ ማስቆም የምትችሉ ባለቤቶችና ኃላፊዎች በውስጥ መስመር ጻፉልን። ልጆቹ እዚሁ አሉ፤ ዲግሪያቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው።

አላህ ለልጆቻችን ሐላል ሪዝቅን ያግራላቸው፤ እኛንም የመልካም ነገር ሰበብ ያድርገን። አሚን።